የለበሰው ቤተ ክርስቲያን፦ የላተራኑ ቅዱስ ዮሐንስ የት ገባ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሮም ሄጄ የላተራን ቅዱስ ዮሐንስን ጎበኘሁ። አስጎብኚው በ4ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ቆስጠንጢኖስ የተሠራ የሮም ካቴድራል ነው አለን። ስገባ ግን ያየሁት ሁሉ እብነ በረድ፣ ወርቅና ግዙፍ ሐውልት ነው። ባሮክ ይሉታል። እውነቱን ልንገርዎ፣ ተታለልኩ ብዬ ወጣሁ። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን የት ገባ? አፍርሰውት ነው? ለምንስ እንዲህ አደረጉት?»

አልተታለሉም፣ እህቴ። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን የትም አልሄደም። እርስዎ በአጠገቡ ነው ያለፉት። ያ ነጭ ግድግዳና ያ ግዙፍ ምሰሶ ቢከፈት፣ የድሮው ግንብ ውስጡ ቆሞ ይገኛል። ቦሮሚኒ የሚባለው አርክቴክት አሮጌውን ግንብ አላፈረሰውም። አለበሰው። ልብሱ ባሮክ የምንለው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋው ጌጠኛ የአሠራር ስልት ነው።

የኔ ሥራ የቆዩ ሕንፃዎች ጥገና ነው። ስለዚህ እዚያ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ዓይኔ ቶሎ የሚሄደው ወደ መጋጠሚያዎቹ ነው፤ አሮጌውና አዲሱ ወደሚነካኩበት ቦታ። ላተራን ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ሞልቷል። ግን ካልተነገረው ማንም አያየውም። መልሴን ያስረዘምኩትም ለዚህ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። «የ4ኛው ክፍለ ዘመን» የሚለው ውሸት ባይሆንም ነገሩን ያሳጥረዋል። ቆስጠንጢኖስ ሮምን የያዘው በ312 ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ሕንፃው ግን ከዚያ ወዲህ ያላየው መከራ የለም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በመሬት መንቀጥቀጥ ተደረመሰ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፖፕ ሰርግዮስ 3ኛ መልሰው አሠሩት። በ1291 ገደማ ፖፕ ኒኮላስ 4ኛ የመቅደሱን ጀርባ አሳድሰው ያኮፖ ቶሪቲ በሞዛይክ አስጌጠው። በ1308 ተቃጠለ። ተጠገነ። በ1361 እንደገና ተቃጠለ። በዚያ ዘመን ፖፖቹ ፈረንሳይ፣ አቪኞን ነበሩ። ካቴድራላቸው ባለቤት እንደሌለው ቤት ሆኖ ነበር። ወደ ሮም ከተመለሱ በኋላ በ1420ዎቹ ማርቲን 5ኛ ወለሉን በባለቀለም ድንጋይ አስነጠፉት፤ ግድግዳውን ጀንቲለ ዳ ፋብሪያኖና ፒሳኔሎ የተባሉት ታላላቅ ሠዓሊዎች ሳሉበት።

እንግዲህ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቦሮሚኒ እጅ የገባው ይህ ነው። መሠረቱ የቆስጠንጢኖስ፣ ሰውነቱ ግን የመካከለኛው ዘመን፤ አንዱ ሲጥል ሌላው ሲያነሳው፣ ተለጣጥፎ የቆመ ቤተ ክርስቲያን። ግድግዳው ከቱንቢ ወጥቷል። እሳት የበላቸው ዓምዶች በጡብ ተሸፍነዋል። የኛ አገር ግንበኛ ቢያየው «ይሄ ቤት ደክሟል» ይል ነበር።

ታዲያ ለምን አላፈረሱትም? ማፍረስ እኮ ይችሉ ነበር። ልምዱም ነበራቸው። ያው ቆስጠንጢኖስ ያሠራውን የድሮውን ቅዱስ ጴጥሮስ ከ1506 ጀምረው ቀስ በቀስ አፍርሰው፣ ዛሬ የምናውቀውን ግዙፍ ሕንፃ ተክተውበታል። የመጨረሻው ክፍል የፈረሰው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በፖፕ ጳውሎስ 5ኛ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ግን ብዙ ሰው ከልቡ አዝኗል። ከዚያ መቃብር፣ ከዚያ ሥዕል፣ ከዚያ ጽሑፍ ላይ ቁራጭ ብቻ ነው የተረፈው።

በመካከል ደግሞ የሰው አስተሳሰብ ተለውጦ ነበር። የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ዘመኑ «ፀረ-ተሐድሶ» የሚባለው ነው። (ተሐድሶ የሚለው ቃል በአገራችን ሌላ ክርክር ያስታውሳል። እዚህ ግን የማወራው ማርቲን ሉተር በ1517 ስለጀመረው የፕሮቴስታንት እንቅስቃሴና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለሰጠችው ምላሽ ነው።) ፕሮቴስታንቶቹ «ሮም ከጥንቷ ቤተ ክርስቲያን መንገድ ወጥታለች» ብለው በታሪክ መጻሕፍት ሞገቱ። ካቶሊኮቹም በታሪክ መለሱ። ቼዛሬ ባሮኒዮ የተባለው ካርዲናል ከ1588 ጀምሮ አሥራ ሁለት ትልልቅ የታሪክ ቅጾች አሳተመ። በ1578 ደግሞ ከሮም ወጣ ብሎ የጥንት ክርስቲያኖች መቃብር ዋሻ ተገኘ፤ ከተማው በሙሉ ተነቃነቀ። ከመሬት በታች ሥዕል፣ ጽሑፍ፣ የሰማዕታት ስም!

ያኔ አሮጌ ግድግዳ ዋጋው ሌላ ሆነ። «እኛ የጥንቶቹ ልጆች ነን» ለማለት ምስክር ያስፈልጋል። ግድግዳው ራሱ ምስክር ሆነ። ባሮኒዮ በካርዲናልነቱ የተሰጠውን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዱሳን ኔሬዎስና አክሌዎስን፣ በ1590ዎቹ ሲያስጠግን በድንጋይ ላይ ልመና ጽፎ ተወ። ከእሱ በኋላ ለሚሾም ካርዲናል የተጻፈ ነው። አሳቡ እንዲህ ነው፦ ማንም ሁን ማን፣ ስለ እግዚአብሔር ክብርና ስለ እነዚህ ሰማዕታት ብለህ ምንም አታንሳ፣ ምንም አትቀንስ፣ ምንም አትለውጥ። እስከ ዛሬ እዚያው አለ። በሙያዬ የማውቀው ከዚህ የበለጠ ልብ የሚነካ የጥገና መመሪያ የለም።

ሌላው የዘመኑ ገጽታ ደግሞ ለውጥ ነው። ከ1545 እስከ 1563 የተካሄደው የካቶሊክ ጳጳሳት ስብሰባ፣ የትሬንት ጉባኤ፣ ስለ ግንብ ብዙ አላወራም። ያወራው ስለ ቁርባን፣ ስለ ስብከት፣ ስለ ንስሐ፣ ስለ ሥዕል ነው። ግን ይህ ሁሉ ቦታ ይፈልጋል። ምእመኑ መንበሩን ማየት አለበት። ሰባኪውን መስማት አለበት። ኑዛዜ የሚሰማበት ቦታ መዘጋጀት አለበት። የሚላኑ ሊቀ ጳጳስ ካርሎ ቦሮሜዮ በ1577 ለሀገረ ስብከቱ መመሪያ ሲያወጣ እስከ ኑዛዜ ሳጥኑ መስኮት ድረስ ወርዶ ነው የጻፈው።

የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ለዚህ አይመችም ነበር። በብዙ የገዳም ቤተ ክርስቲያን መካከል ትልቅ የግንብ አጥር ነበር፤ መነኮሳቱን ከሕዝቡ የሚለይ። የኛ አንባቢ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ እያለ ያደገ ስለሆነ ይህ ክፍፍል አይገርመውም። ልዩነቱ፣ እነሱ በዚያ ዘመን አጥሩን ማንሳት ጀመሩ። ፍሎረንስ ውስጥ አርክቴክቱና ሠዓሊው ጆርጆ ቫዛሪ ከ1565 ጀምሮ በመስፍኑ በኮሲሞ ትእዛዝ ሳንታ ማሪያ ኖቬላና ሳንታ ክሮቼ የሚባሉትን አብያተ ክርስቲያናት አጥሮች አነሳ። በግድግዳዎቹ ላይ አዳዲስ፣ አንድ ዓይነት የድንጋይ መንበሮች ተከለ። ብዙ የድሮ ሥዕል በዚህ ጠፋ።

ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ግድግዳ ላይ በ1420ዎቹ ማዛቾ የሳለው የቅድስት ሥላሴ ሥዕል ነበር። በሥዕል ታሪክ ውስጥ ጥልቀትን በትክክለኛ ስሌት ካሳዩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ቫዛሪ መንበሩን የሚተክልበት ቦታ በትክክል በዚህ ሥዕል ፊት ሆነ። ፍቆ ሊያጠፋው ይችል ነበር። አላደረገውም። መንበሩን በፊቱ አቁሞ፣ ራሱ የሳለውን ሥዕል ሰቅሎ፣ የማዛቾን ከኋላ ተወው። ከ1860 ገደማ ጀምሮ፣ መንበሩ ሲነሳ ማለት ነው፣ ሥዕሉ ከተደበቀበት ወጣ። ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው! የታችኛው ክፍል፣ ተጋድሞ የሚታየው አጽም፣ የተገኘው ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። እንግዲህ «ሸፈኑት» ማለት ሁልጊዜ «አጠፉት» ማለት አይደለም። አንዳንዴ መሸፈን ራሱ ማቆያ ነው።

ወደ ላተራን እንመለስ። ፖፕ ኢኖሰንት 10ኛ በ1644 ሲሾሙ፣ የ1650 ኢዮቤልዩ እየተቃረበ ነበር። ከመላው አውሮፓ ተሳላሚ ይመጣል። ካቴድራሉ ደግሞ ዘሟል። በ1646 ሥራውን ለፍራንቼስኮ ቦሮሚኒ ሰጡት። ትእዛዙ ግልጽ ነበር፦ የቆስጠንጢኖስ ባዚሊካ (ረጅሙ ባለ ዓምድ ቤተ ክርስቲያን) እንዳለ ይቆይ፤ አትተካው፤ አጠንክረው፣ አስጊጠው። ይህ ለአንድ ታላቅ አርክቴክት ከባድ ገደብ ነው። አቅጣጫውን መቀየር አይችልም። ስፋቱን መቀየር አይችልም። ቁመቱም ያው ነው። ጊዜው ደግሞ ከአራት ዓመት ያነሰ።

ቦሮሚኒ ከድንጋይ ጠራቢዎች ወገን የመጣ ሰው ነው። በ1599 በሉጋኖ ሐይቅ ዳር፣ ቢሶኔ በምትባል መንደር ተወለደ። ራሱም ድንጋይ ሲጠርብ ነው ያደገው። ግንብ ምን ያህል እንደሚሸከም በእጁ ያውቃል። ያገኘው መፍትሔ እንደዚህ ነው። በመካከለኛው አዳራሽ ግራና ቀኝ የቆሙትን የድሮ ዓምዶች ሁለት ሁለቱን ወስዶ በአንድ ትልቅ ምሰሶ ውስጥ አቀፋቸው፤ ክፍተታቸውን በግንብ ሞላው። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ክፍተት ደግሞ በሰፊ ቅስት ከፈተው። ሞላ፣ ከፈተ፤ ሞላ፣ ከፈተ። በየጎኑ አምስት ቅስትና ስድስት ምሰሶ ወጣ። ከላይ ያለው ዘንበል ያለ አሮጌ ግድግዳ በዚህ ተደግፎ ቀጥ አለ። እስቲ ያስቡት፤ ሰው አጥንቱ ሲሰበር ጄሶ እንደሚደረግለት ነው። አጥንቱ ውስጥ አለ። ጄሶው ያቆመዋል። ልዩነቱ፣ ይህ ጄሶ አይወልቅም፤ ደግሞም እጅግ ያምራል።

በየምሰሶው ላይ ለሐዋርያ ሐውልት የሚሆን ቤት አበጀ። ስድስት በግራ፣ ስድስት በቀኝ፣ አሥራ ሁለት። እነዚህ ቤቶች ወደ አዳራሹ ወጣ ብለው በክብ ያበጡ ናቸው። በየቤቱ ፊት ሁለት ሁለት አረንጓዴ ዓምድ አለ። እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ሰው ሁሉ ሐውልቱን ፎቶ አንስቶ ያልፋል። ዓምዱን ግን ጠጋ ብለው ይዩት። ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ነጭና ጥቁር ጠብታ የረጩበት የሚመስል ድንጋይ ነው፤ ከግሪክ፣ ከቴሳሊ የመጣ። ቦሮሚኒ አዲስ አላስመጣውም። የቆስጠንጢኖስ ባዚሊካ የጎን መተላለፊያዎች ላይ የቆሙ ዓምዶች ነበሩ። እነሱን አንስቶ፣ ሃያ አራቱን በሐዋርያት ደጅ አቆማቸው። እንግዲህ እርስዎ «አሮጌ ነገር አጣሁ» ሲሉ፣ ከ1,600 ዓመት በላይ የቆየ ድንጋይ በክንድ ርቀት ላይ ነበር።

ለምን በዚያ ቦታ? በራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 21 ላይ ሰማያዊቷ ኢየሩሳሌም አሥራ ሁለት ደጅና አሥራ ሁለት መሠረት አላት፤ በመሠረቶቹ ላይ የአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ስም ተጽፏል። ብዙ ባለሙያዎች የቦሮሚኒን አዳራሽ በዚህ ያነቡታል፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ቤተ ክርስቲያኑን የተሸከመው ምሰሶ ሐዋርያ የቆመበት ምሰሶ ነው። የግንበኛው መፍትሔና የሃይማኖቱ አሳብ አንድ ድንጋይ ላይ ተገናኙ።

አሁን ደግሞ ቀና ይበሉ። ከሐውልቶቹ በላይ በስቱኮ፣ ማለትም በኖራና በእብነ በረድ ዱቄት ልስን፣ የተቀረጹ የብሉይና የአዲስ ኪዳን ታሪኮች አሉ፤ የአሌሳንድሮ አልጋርዲ አመራር ያለባቸው። ብሉዩ ከአዲሱ ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። ከእነሱም በላይ የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው ትልልቅ ክፈፎች አሉ። ዛሬ የነቢያት ሥዕል ነው ያለባቸው። ቦሮሚኒ ሲሠራቸው ግን ሥዕል አልነበረባቸውም። በክፈፉ ውስጥ የሚታየው ያልተለሰነው የድሮው ግድግዳ ነበር! ዙሪያውን አበባና ቅጠል ቀርጾ፣ መሀሉ ላይ ራቁቱን የድሮው ጡብ። የቅዱስ አጽም በወርቅ ሣጥን መስተዋት እንደሚታይ ዓይነት። ይህን መጀመሪያ ያወቅሁ ቀን ለብዙ ጊዜ እዚያው አንጋጥጬ ቀረሁ። ከዚያ በፊት ባሮክን ያየሁት እንደ መሸፈኛ ብቻ ነበር። የሸፈነው ሰው መስኮት ትቶ ነበር ለካ።

መስኮቶቹን የዘጉት ሌሎች ናቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በፖፕ ክሌመንት 11ኛ ጊዜ፣ ነቢያቱ ተሰቀሉ። ሐዋርያቱም ያን ጊዜ ነው የገቡት። የሐዋርያቱ ቤቶች ከሃምሳ ዓመት በላይ ባዶ ቆይተው፣ ከ1703 እስከ 1718 ድረስ አሥራ ሁለቱ ሐውልቶች ተተከሉ። ካሚሎ ሩስኮኒ አራቱን ሠራ። የተገፈፈ ቆዳውን በእጁ የያዘው በርተሎሜዎስ የፒየር ለ ግሮ ሥራ ነው። ከውጭ የሚያዩት ግዙፍ ፊት ለፊት ደግሞ ከዚያም በኋላ የመጣ ነው፤ አሌሳንድሮ ጋሊለይ በ1730ዎቹ የሠራው። ስለዚህ «ባሮኩ» አንድ ቀን የተሠራ አንድ ነገር አይደለም። ቦሮሚኒ ያሰበው ነጭ፣ ባዶ ቤቶች ያሉት፣ አሮጌው ጡብ ከላይ የሚታይበት አዳራሽ ነበር። እርስዎ ያዩት በዚያ ላይ የተጨመረውን ሁሉ ይዞ ነው።

ኮርኒሱስ? ወርቅ የተቀባው የእንጨት ኮርኒስ ከቦሮሚኒ በፊት፣ በ1560ዎቹ የተሠራ ነው። እሱ በግንብ ቅስት ሊለውጠው ፈልጎ ነበር። አልተፈቀደለትም። ለዚህ ነው ትልልቆቹ የግድግዳ ዓምዶች ወደ ላይ ወጥተው ወጥተው ድንገት ጠፍጣፋ ነገር የሚገጥማቸው። ልብ ብለው ካዩት፣ ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ የተቋረጠ ይመስላል። ወለሉም የማርቲን 5ኛ ነው፤ የ15ኛው ክፍለ ዘመን። እንግዲህ ከላይ አሮጌ፣ ከታች አሮጌ፣ በጎን ውስጥ ውስጡን አሮጌ። ቦሮሚኒ የሠራው በእነዚህ መካከል ነው።

የጠፋ ነገር የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ ያሳዝናልም። የጀንቲለና የፒሳኔሎ ሥዕሎች ጠፉ። ሁለቱም በዘመናቸው ጣሊያን ውስጥ ከታላላቆቹ መካከል ነበሩ። ግድግዳው ሲጠገንና ሲለሰን አብረው ሄዱ። ከዚያ ሥራ የቀረን ትንሽ ማስታወሻ በቦሮሚኒ ወገን የተሠራ አንድ የድሮው ግድግዳ ንድፍ ነው። የጎን መተላለፊያዎቹም ቅርጻቸው ተለወጠ። በሥራው ላይ የሰው ሕይወትም ጠፍቷል። በ1649 መጨረሻ አንድ ሰው የሥራውን ድንጋይ ሲያበላሽ ተያዘ ተብሎ በሠራተኞች ተደብድቦ ሞተ። ቦሮሚኒ ተከሰሰ፤ ፖፑ ይቅርታ አደረጉለት። ይህን ሳይነግሩ ስለዚያ አዳራሽ ውበት ብቻ ማውራት አግባብ አይመስለኝም።

ቦሮሚኒ ግን ያነሳውን ሁሉ አልጣለም። በ1650ዎቹ፣ በፖፕ እስክንድር 7ኛ ጊዜ፣ ከፈረሱ የመካከለኛው ዘመን መቃብሮች የተረፉትን ቁርጥራጮች ሰብስቦ በጎን መተላለፊያዎቹ ምሰሶ ላይ ለየብቻ አዲስ ክፈፍ አበጀላቸው። የአርኖልፎ ዲ ካምቢዮ ቅርጻ ቅርጽ ያለበት የአንድ የቤተ ክርስቲያን ሹም መቃብር አለ። በቀኝ በኩል ደግሞ ፖፕ ቦኒፋስ 8ኛ በሰገነት ቆመው የሚታዩበት የግድግዳ ሥዕል ቁራጭ አለ፤ የጆቶ ነው ይባላል። ከመጀመሪያው የ1300 ኢዮቤልዩ ጋር የተያያዘ ሥዕል ነው። (ይህ ሥዕል ግን አሁን ወዳለበት የመጣው ከቦሮሚኒ በኋላ ነው።) የመካከለኛው ዘመን ቁራጭ፣ በባሮክ ክፈፍ። ቦሮሚኒ የድሮውን ቁራጭ የድሮ እንዲመስል አላስመሰለም፤ አዲሱንም አልደበቀም። እኛ ዛሬ በትምህርት ቤት «ጥገናው ከአሮጌው ተለይቶ ይታይ» ብለን የምንማረው ነገር ነው።

አሁን ምናልባት የሚያስገርምዎትን ልንገርዎ። ከቆስጠንጢኖስ ቦታ ላይ ተነስቶ በመካከለኛው ዘመን የታደሰው፣ ቶሪቲ በሞዛይክ ያስጌጠው ያ የመቅደሱ ግማሽ ክብ ጀርባ ባሮክን አልፎ ቆሞ ነበር። ያፈረሰው 19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1880ዎቹ፣ በፖፕ ሊዮ 13ኛ ጊዜ፣ መዘምራኑ ቦታ ጠበባቸው ተብሎ ወደ ኋላ እንዲሰፋ ተደረገ። ሞዛይኩ ወርዶ በአዲሱ ግንብ ላይ እንደገና ተሠራ። ዛሬ የሚያዩት ያንን ነው። መካከለኛውን ዘመን እጅግ ይወድ የነበረው 19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ባሮክ የተወለትን አፈረሰ። እኔ ይህን ሳስብ እናደዳለሁ።

ያው ዘመንና ተከታዩ ሌላም ነገር አደረጉ፤ ባሮኩን መግፈፍ። ሮም ውስጥ ሳንታ ማሪያ ኢን ኮስመዲን በ1718 የተሠራላትን ፊት ለፊት በ1890ዎቹ አጥታለች፤ «ወደ ጥንቱ እንመልሳት» ተብሎ። ለኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ደግሞ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ፣ ቫቲካን ውስጥ ያለው የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳት ማረፊያ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 1549 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ያሳተሙት እዚያ ሆነው ነው። የትሬንት ጉባኤ ገና ተጀምሮ ነበር ያኔ። ይህንንም ጥንታዊ ቤት ክሌመንት 11ኛ በባሮክ አሳድሰውታል፤ ያው ላተራን ሐዋርያቱን ያስገቡት ፖፕ። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሌላ ጥገና ተደርጎ የመካከለኛው ዘመን ገጽታው እንዲጎላ ሆነ። ዛሬ የሚገባ ሰው የድሮዎቹን ዓምዶች ቆመው ያያል፤ ደስም ይላል። ግን ለሁለት መቶ ዓመት እዚያ የገባ ሰው ያይ የነበረው ገጽታ ይህ አልነበረም። ያኛው ተነስቷል። ሲነሳ ደግሞ እንደ ማዛቾ ሥዕል ከኋላ የሚጠብቅ ነገር የለውም።

ስለዚህ «አፍርሰውት ነው?» ላሉኝ መልሴ፣ ላተራን ላይ አይደለም የሚል ነው። በሌላ ቦታ አዎ። ጀርመን ሄደው የፍራይዚንግን ካቴድራል ቢያዩ፣ የአሳም ወንድማማቾች በ1724 በሥዕልና በስቱኮ የሸፈኑት የ12ኛው ክፍለ ዘመን ግንብ ውስጡ አለ። ፍሎረንስ ግን አጥሮቹ የሉም፤ ሄደዋል። አንድ ሕንፃ ሲያዩ መጠየቅ ያለብዎት፣ በየትኛው ዘመን ተለወጠ የሚለውን ብቻ ሳይሆን፣ ያን ጊዜ የነበረው ሰው ከአሮጌው ምን አስቀረ የሚለውን ነው።

ደግመው ሮም ከሄዱ እንዲህ ያድርጉ። ላተራን ከመግባትዎ በፊት ቅዱስ ማርቲን አይ ሞንቲ ወደሚባለው ቤተ ክርስቲያን ጎራ ይበሉ፤ ሩቅ አይደለም። በግድግዳው ላይ ፊሊፖ ጋሊያርዲ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሳለው ሥዕል አለ፤ ላተራን ከቦሮሚኒ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ያሳያል። የዓምዶቹን ረድፍ፣ ጠፍጣፋውን ኮርኒስ በደንብ ይዩና በዓይንዎ ይያዙት። ከዚያ ወደ ላተራን ይሂዱ፤ ጠዋት ቢሆን ይሻላል፣ ሰው አይበዛም። በመካከለኛው በር ሲገቡ በሮቹን ይንኩ። የጥንቱ የሮም ሸንጎ የነሐስ በሮች ናቸው፤ በ1660 ገደማ ነው ወደዚህ የመጡት። ከዚያ ከምሰሶዎቹ በአንዱ ፊት ይቁሙ። ሐውልቱን ለጊዜው ይተዉት። አረንጓዴዎቹን ሁለት ዓምዶች ይዩ፣ ቀጥሎ በመካከላቸው ያለውን ግንብ ይዩ። ያ ሥዕል ላይ ያዩዋቸው ሁለት ዓምዶች የቆሙት በትክክል እዚያ ውስጥ ነው።